ቅጠል የታተመበት ገንዘብ

ቤንጃሚን ፍራንክሊንን የማያውቅ የለም፤ መቶ ዶላር ላይ ያለው ግንባረ ሰፊ ሽማግሌ ነው። እኔም የማውቀው በመብረቅ ምርምሩና በፖለቲካው ነበር። ሰሞኑን ግን ይኸው ሰው በወጣትነቱ ራሱ የገንዘብ ኖት ያትም እንደነበረ፣ ኖቶቹንም ከሐሰተኛ አታሚዎች ለመከላከል ምን እንደዘየደ አነበብኩና እጄን አፌ ላይ አስጫነኝ። ቅጠል! ከደጅ የተቀጠፈ እውነተኛ ቅጠል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች እህል፣ እንጨትና ትንባሆ እንጂ ብር አልነበራቸውም። ያገኟትም ብር ከብሪታንያ ለሚገዙት ዕቃ እየተከፈለች ትወጣለች። እኛ አገር ገበያው በኦስትሪያ ማርትሬዛ ይገበያይ እንደነበረው ሁሉ፣ እነሱም የሚገበያዩት በስፔን የብር ዶላር ነበር፤ እሱም አይበቃም። ስለዚህ ወደ ወረቀት ዞሩ። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1690 ለወታደሮቿ የምትከፍለው ብታጣ የወረቀት ገንዘብ አተመች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1729፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ለወረቀት ገንዘብ የሚሟገት ጽሑፍ አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ የፔንሲልቫኒያን ገንዘብ የማተም ሥራ እሱ እጅ ገባ።

ወረቀት ላይ ያለ ዋጋ ግን ሌባ ይጠራል። ኖቶቹ ላይ «አስመስሎ ያተመ በሞት ይቀጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይታተም ነበር፤ ሌባው ግን ማተሙን አልተወም። የፍራንክሊን ብልሃት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሰው እጅ የቀረጸውን ሐረግና አበባ ሌላ የሰለጠነ እጅ ይደግመዋል። የቅጠልን ጅማት ግን ማን ይደግመዋል? ጅማቱ ከቅጠሉ ዘንግ ላይ ወፍራም ሆኖ ይነሳል፣ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ይቀጥናል፣ ይበታተናል፣ መጨረሻው ከፀጉር ይቀጥናል። ሁለት ቅጠሎች ደግሞ ከአንድ ቅርንጫፍ ቢቀጠፉ እንኳ አንድ አይሆኑም። ፍራንክሊን ከ1730ዎቹ ጀምሮ የእውነተኛ ቅጠልን ቅርጽ በብረት እያስቀረ የኖቱ ጀርባ ላይ ያትም ነበር። አሠራሩን ምስጢር አደረገው። የዘመናችን ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ቅጠሉ በጄሶ ላይ ተጭኖ ቅርጹን ይተዋል፤ በዚያ ቅርጽ ላይ የቀለጠ የማተሚያ ብረት ይፈስሳል፤ ብረቱ ሲረጋ እያንዳንዷን ጅማት ይዞ ይወጣል። እፁብ ድንቅ ነው! በኪስህ የምትይዘው ገንዘብ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ትፈርምልሃለች ማለት እኮ ነው!

እዚህ ላይም አላበቃም። የኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ከታተሙ ኖቶች ወደ 600 የሚጠጉትን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ አደረጉ። በፍራንክሊን ኖቶች ወረቀት ውስጥ ሰማያዊ ክሮች ተቀላቅለዋል፤ የሚያብለጨልጭ የማይካ ማዕድን ፍንካች ተበትኖበታል፤ ጥቁሩ ቀለምም እንደተለመደው ከተቃጠለ አጥንት ሳይሆን ከግራፋይት፣ ማለትም ከእርሳሳችን ማዕድን የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ኖት ስንቀበል ወደ ብርሃን አንስተን ክሩን የምንፈልገው እኮ የእንዲህ ዓይነቱን ብልሃት ወራሾች ስለሆንን ነው!

ከዚያ አብዮቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1775 13ቱ ቅኝ ግዛቶች ከብሪታንያ ጋር ጦርነት ሲገጥሙ የጋራ ምክር ቤታቸው የኮንግረሱ ካዝና ባዶ ነበር፤ ስለዚህ የጦሩን ወጪ የሚሸፍንበት ገንዘብ በፊላደልፊያ አሳተመ። አታሚዎቹ ፍራንክሊን ራሱ የነበረበትን ማተሚያ ቤት የወረሱ ሰዎች ነበሩ፤ በኖቶቹ ጀርባም ያው የቅጠል ኅትመት ወጣ። ተራ ቁጥሩ በእጅ ይጻፋል፣ ሁለት ሰዎች በብዕር ይፈርሙበታል። ፊቱ ላይ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ ልብ ያሞቃሉ። በባለ 6 ዶላሩ ላይ ቢቨር የሚባለው ትንሽ እንስሳ አንድ ትልቅ ዛፍ በጥርሱ እየገዘገዘ ነው፤ መልእክቱ «ታገሥ፣ ትጥለዋለህ» ነው። በባለ 8 ዶላሩ ላይ 13 አውታር ያለው በገና አለ፤ ትልቁም ትንሹም አውታር በአንድ ዜማ ይስማማል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ገበያ ወጥቶ ሲመለስ የትግሉን ዓላማ በኪሱ ይዞ ይገባል!

እኔን ግን ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀኝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1776 የወጣው፣ ከአንድ ዶላር በታች የሆነው ትንሹ ኖት ነው። ንድፉ የፍራንክሊን ነው። በፊቱ ፀሐይና የፀሐይ ሰዓት፣ ከሥሩ ሰው ሥራውን እንዲሠራ የሚመክር ቃል፤ በጀርባው 13 ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው፣ በየቀለበቱ ላይ የአንድ ቅኝ ግዛት ስም፣ መሐል ላይ «እኛ አንድ ነን»። ልብ በሉ፣ ነፃነት የታወጀው ከዚህ አምስት ወር ዘግይቶ በሐምሌ ነው። አገሩ ገና ሳይታወጅ ገንዘቡ አንድነቱን አውጆ ጨርሷል!

ገንዘቡ ራሱ ዕድሜ አልነበረውም። እስከ 1779 መጨረሻ ወደ 241 ሚሊዮን ዶላር ታተመ፤ የሚደግፈው ግብር ግን አልነበረም፤ ብሪታንያውያንም የራሳቸውን ሐሰተኛ ኖት አትመው ገበያው ላይ በተኑበት። እ.ኤ.አ. በ1780 ኮንግረሱ ራሱ 40 የወረቀት ዶላር በአንድ የብር ዶላር እንዲመነዘር ወሰነ። ብዙ ሰው ከሰረ፣ ወታደሩ ተበደለ፤ ይህ መራር እውነት ነው። ቢሆንም ንድፉ ከገንዘቡ በላይ ዕድሜ አገኘ፦ እ.ኤ.አ. በ1787 በኮንግረሱ ፈቃድ የወጣው የመዳብ ሳንቲም ያንኑ የፀሐይ ሰዓትና እነዚያኑ 13 ቀለበቶች ይዞ ወጣ።

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የገንዘብ ስብስብ የሚገኘው እዚያው ከተማችሁ፣ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ብርና ወርቅ ያልነበራቸው ሰዎች በወረቀት፣ በቅጠልና በአእምሯቸው ብቻ ምን እንደሠሩ አሳዩአቸው!