ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወፍ ቆጠርኩ!

ስሙኝማ! ቅዳሜ ንጋት ላይ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ያዝኩ፤ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወረድኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሣሩ ጤዛ በጤዛ! ጫማዬ ወዲያው ራሰ። ግን ማን ጫማ ያያል?

ረግረጉ ዳር አንድ ግራጫ ነገር አለ። ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ ተራመደ! ዝይ ነው! አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ አስተኝቶ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ብድግ አለና ክንፉን ሲዘረጋው... ሰማያዊ! ጥርት ያለ፣ የማለዳ ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ! ያን ሁሉ ውበት አጥፎ ይዞት ነበር። ጮህኩ! እረኛው ልጅ ሮጦ መጣና ሌሎች ሁለት አሳየኝ። ይህ ዝይ ከእኛ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይኖርም። የትም!

ደግሞ ስልኬ! ኢበርድ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚመራው ነው። ሰዓቱንና የሄድኩበትን መንገድ ራሱ ይይዛል፤ የእኔ ሥራ መቁጠር ብቻ! መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የለየሻቸውን ወፎች ሁሉ ጽፈሻል? «አዎ» ስል ያልጻፍኩት ወፍ እንኳ መረጃ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት እዚያ አልታየማ! ስለዚህ ቁራውም ርግቡም ይቆጠራል። ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ስርጭት በካርታ ያሳዩበት ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። አሁን ደግሞ የእኔ ሦስት ዝይዎች የኢበርድ ካርታ ላይ ነጥብ ሆኑ! የእኔ!

ቡራዩ የምትኖሩ፣ ገፈርሳ ግድብ አፍንጫችሁ ሥር ነው! ጋጋኖዎቹ ሲያልፉ ሰማዩ በጩኸት ይሞላል፤ ውኃው ላይ ከሩቅ ሰሜን ለበጋው የመጡ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ። ሰበታዎች፣ እናንተማ መናገሻ ሱባ ደን አላችሁ! ጽድና ዝግባው መሐል ጸጥ ብላችሁ ቁሙ። ግንደ ቆርቁሩ ቷ ቷ ቷ! ከላይ በቀቀን! ከዚያ አንድ አረንጓዴ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲበር ክንፉ እንደ እሳት ቀይ ሆኖ ይከፈታል! ልቤ ቀጥ አለች!

ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁ ዓይናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ልጆቻችሁን ቀስቅሱ! እኔ የፊታችን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገፈርሳ ነኝ፤ ስልኬን ከአሁኑ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ!