ድንበሩን ያልሳተ ትርጉም

«እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ስንል የሕግ ቋንቋ እየተናገርን መሆኑ ትዝ አይለንም። ፈረንሳዮች «ፍላግራን ዴሊ» ይሉታል፤ ሥሩ ላቲን ነው፣ መንደድንና መቀጣጠልን ያመለክታል፤ እሳቱ ገና ያልበረደ ጥፋት እንደ ማለት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በእንግሊዛዊው ሰር ቻርለስ ማቲው እጅ ሲረቀቅ ቃሉ «ፍላግራንት» ተብሎ ገባ። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ይህን ቃል የሚያውቀው ዓይን ላወጣ ድፍረት ነው። አማርኛው እሳቱንም ድፍረቱንም ተወና አንቀጽ 19 የሚለውን ብቻ ያዘ፦ ወንጀሉን ሲፈጽም፣ ሊፈጽም ሲሞክር ወይም ፈጽሞ ወዲያው የተገኘ ሰው። እጁና ድርጊቱ ገና አልተለያዩም። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በአንቀጽ 50 መሠረት ቢያንስ ሦስት ወር ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ ሊይዘው ይችላል። ቃሉ አንድ ስንዝር ቢሰፋ የሰው ነፃነት አንድ ስንዝር ይጠባል።

የወንጀል ቃል ትርጉም ጥበቡ እዚህ ላይ ይታያል። ጥሩ ተርጓሚ የሚፈልገው አቻ ቃል ሳይሆን አቻ ድንበር ነው፤ ምን ከውስጥ እንደሚገባ፣ ምን ከውጭ እንደሚቀር። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህን ሥራ አገላብጦ ለማየት የተመቸች አገር ናት። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ተረቀቀ፤ ወደ እንግሊዝኛና ወደ አማርኛም ተመለሰ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ነጋሪት ጋዜጣ ከተመሠረተበት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም ነውና፣ ፈረንሳይኛው ረቂቅ ከሁለቱ ዓምዶች ጀርባ ተደብቆ ቀረ። የእንግሊዝኛው ዓምድ ዘዬ የሚገባው ከኋላው ፈረንሳይኛ መቆሙን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለቱን የአውሮፓ ቋንቋዎች ማገናኘት ቀላል ይመስላል፤ እንግሊዝ የሕግ ቃሏን በብዛት የወረሰችው ከኖርማኖች ፈረንሳይኛ ነውና። አደጋውም ከዚሁ ዝምድና ይመጣል። «ክሪም» በፈረንሳይ ሕግ ከሦስቱ የጥፋት እርከኖች የከፋው ብቻ ነው፤ ከሥሩ «ዴሊ»፣ ከዚያም በታች «ኮንትራቫንሲዮን» አለ። የእንግሊዞች «ክራይም» ግን ሁሉንም ይጠቀልላል። የኢትዮጵያ ሕግ ሦስቱን እርከን ትቶ በሁለት ከፈለ፤ ታችኛውን እንግሊዝኛው «ጥቃቅን ጥፋት» ሲለው፣ አማርኛው «ደንብ መተላለፍ» አለው። እንግሊዝኛው መጠኑን ነገረን፤ አማርኛው ዓይነቱን። ሰውየው የተላለፈው ደንብ ነው፤ ድርጊቱ በትንሽነቱ ብቻ አልተለየም።

ከሁሉ የሚያምረው ግን የግድያው ምዕራፍ ነው። ፈረንሳይኛ «መርትር»ንና «አሳሲና»ን ይለያል። እንግሊዝኛም «ማርደር» እና «ማንስሎተር» አለው፤ አንዱን ጥንድ በሌላው መተካት የሚያጓጓ ነገር ነው። ተርጓሚው አልተታለለም። «ማርደር» የሚለውን ቃል ቢያስገባ የእንግሊዝ ዳኞች በዘመናት የፈረዱትን ሁሉ አብሮ ያስገባ ነበር፤ እነዚያ ፍርዶች ደግሞ የግራቨንን ክፍልፋይ አያውቁትም። ስለዚህ እንግሊዝኛው «ሆሚሳይድ» የሚለውን ገለልተኛ ቃል መርጦ አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ከፈለው። ብልኅ ምርጫ ነው፤ ቢሆንም ደረጃው የአሜሪካን ችሎት ያስታውሳል፤ በዚያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሚዛኑ የሚያጋድለው አስቀድሞ ማቀድ ወዳለበት ነው። የግራቨን መለኪያ ከዚህ ይሰፋል፤ የስዊስ ትምህርት አለበት። እቅዱ፣ ምክንያቱ፣ መሣሪያው፣ አፈጻጸሙ ተደምሮ ገዳዩ በተለይ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ያሳያል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ልክ ከሦስቱ ቋንቋዎች በጣም የቀረበው የአማርኛው «ከባድ የግፍ አገዳደል» ነው። «ግፍ» ስለ ሰዓቱም ስለ እቅዱም አይናገርም፤ ስለ ክፋቱ ይናገራል። «ግድያ» ሳይል «አገዳደል» ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕጉ የሚመዝነው ሞቱን ብቻ አይደለም፣ የተገደለበትንም መንገድ ነው። ይህ ቃል ዛሬም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ላይ እየሠራ ነው።

«ሕጋዊ መከላከል»ም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች የሚያውቁት ራስን መከላከልን ነው። ፈረንሳይኛው «ሌዢቲም ዴፋንስ» ሲል ግን ራስን አልጠቀሰም፤ ለሌላ ሰው መብት የተነሣም በሥሩ ይጠለላል። እንግሊዝኛው ተርጓሚ ለጆሮ የለመደውን ትቶ «ሌጂቲሜት ዲፌንስ» ሲል የአገሩን ሰው ግር ማሰኘቱን ሳያውቀው አልቀረም። ድንበሩ እንዳይጠብ ግርታውን መረጠ። አማርኛው ደግሞ ያለ ምንም ግርታ ገባ።

ንብረት ላይ ስንደርስ ሚዛኑ ይለያያል። «አቢ ደ ኮንፊያንስ» በአደራ የተረከበውን የበላ ሰው ወንጀል ነው። እንግሊዝኛው «ብሪች ኦፍ ትረስት» አለ፤ ይህ ግን የእንግሊዝ ጠበቃን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ፍትሐ ብሔር፣ ንብረት በአደራ ወደሚያስተዳድሩ ሰዎች ክርክር ነው። አማርኛው «እምነት ማጉደል» ብሎ ገላገለን። ማጉደል የመጠን ቃል ነው፤ የተሰጠኝንና የመለስኩትን አስተያይ ይላል። የእህል ቁናም የገንዘብ ሣጥንም የሚጎድለው በዚሁ ግስ ነው። ሌባው ሳያምኑት ወሰደ፤ ይሄኛው አምነውት አጎደለ። በ«ስርቆት» እና በ«እምነት ማጉደል» መካከል ያለው የሕግ ግድግዳ ከዚህ በላይ ባጠረ ቃል ሊቆም አይችልም።

የሥራው ጥራት እውነት መሆኑ የሚታወቀው እጁ የሳተበትም ሲታይ ነው። ሕጉ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ሲሟሉ ነው ይላል። «ሞራል» በፈረንሳይኛ የሕግ ቋንቋ የአድራጊውን ሐሳብ፣ የውስጡን ሁኔታ ያመለክታል። እንግሊዝኛው እንዳለ ወሰደው፤ አማርኛውም ተከተለ። እዚህ ላይ የተሻገረው ቃሉ ነው፤ ድንበሩ ወዲያ ማዶ ቀረ። አማርኛ አንባቢ «ሞራላዊ» ሲል ስለ ጨዋነት ያስባል፤ የሕግ ተማሪም ቃሉ አስቦ ማድረግንና ቸልተኝነትን የሚመለከት መሆኑን ለብቻው መማር አለበት። «ሐሳብ» እና «ቸልተኝነት» የሚሉ ያማሩ ቃላት በዚያው ሕግ ውስጥ እያሉ ነው ይህ የሆነው።

የሕጉ ስም ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የ1949ኙ «የወንጀለኛ መቅጫ» ሲባል ቅጣትን ያስቀደመውን የፈረንሳይኛውን «ኮድ ፔናል» ይከተላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የጸናው ተተኪው በእንግሊዝኛ «ክሪሚናል ኮድ»፣ በአማርኛ «የወንጀል ሕግ» ሆነ። ከአርእስቱ ቅጣቱ ወጣ፤ ወንጀለኛውም ቦታውን ለወንጀሉ ለቀቀ።

ጉዞው ግን አማርኛ ላይ አልቆመም። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ ችሎቶች የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን ለማይችል ተከሳሽ ክርክሩ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያዛል። ፈረንሳይኛ ያረቀቀው ወንጀል በዚያ አንድ ወንዝ ይጨምራል። «እጅ ከፍንጅ» «ሀርካፍ ሀርከቲ» ይሆናል፤ እጅ ከእጅ እንደ ማለት፤ እሳቱ እዚህም አልተፈለገም። «ዐቃቤ ሕግ» ደግሞ «አባ አለንጋ» ነው። ግእዙ ጠባቂነቱን፣ ኦሮምኛው ሥልጣኑን ያሳያሉ፤ የችሎቱ ወንበር ግን አንድ ነው፣ ድንበሩም አልተናጋም።

በነዚህ ችሎቶች ቆሞ የሚያስተረጉም ሰው ጊዜው ከግራቨን ተርጓሚዎች ያጠረ ነው፤ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ፣ ዳኛው እየጠበቀ፣ ተከሳሹ ዓይኑን እያየ መምረጥ አለበት። «እምነት አጎደለ» የተባለውን «ሰረቀ» ብሎ ቢያስተላልፈው፣ ተከሳሹ የሚመልሰው ላልቀረበበት ክስ ነው። የሥራው መመዘኛም ይኸው ነው፦ ተከሳሹ በትርጉሙ የሰማው ጥፋት ዐቃቤ ሕጉ ከጻፈው ጋር አንድ ከሆነ፣ ተርጓሚው ሙያውን አሳይቷል።