ክሩ ይቅደም

ሰሞኑን አንዲት አዲስ ሬዚደንት በሆድ በኩል ወደ ጨጓራ የመመገቢያ ቱቦ ለመትከል ሦስተኛውን ቲ-ፋስነር፣ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳው ጋር የሚያስረውን ክር፣ ሳስገባ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «ዶክተር፣ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ከሆድ ግድግዳው ጋር ገጥሟል። ሦስት ጊዜ ተጨማሪ መውጋት ለምን አስፈለገ?» አለችኝ። ያለ ክር የሚሠሩ፣ እጃቸውን የማደንቅላቸው ባልደረቦች አሉኝ። ተጨማሪ መርፌ ተጨማሪ የመድማት ዕድልና ሕመም ነው ይላሉ፤ ዕቃውም ውድ ነው።

አየሩ እስካለ ድረስ ሬዚደንቷ ልክ ናት። ግን የቀዳዳ ማስፊያውን በመሪ ዋየሩ ላይ መግፋት ስትጀምር፣ ያልታሰረ ጨጓራ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፍሎሮስኮፒው ላይ ዋየሩ በጨጓራውና በሆድ ግድግዳው መካከል ሲጠቀለል ያየ ሰው ያንን ምስል አይረሳውም። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ደግሞ በግሉካጎን ያረጋጋነው ጨጓራ መላወስ ይጀምራል፤ አየሩም ይወጣል። ቀዳዳው እስኪጠና ሳምንታት አሉ። እስከዚያ ማን ይያዘው?

ኮንስታንቲን ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1986 የገለጻት ቲ-ፋስነር ለዚህ መልስ ናት። በመርፌ ውስጥ የምታልፍ፣ ወገቧ ላይ ክር የታሰረባት ትንሽ የብረት ዘንግ ናት። ጨጓራ ውስጥ ስትገባ ክሩን ትስበዋለህ፤ እንደ ቁልፍ ተጋድማ ግድግዳውን ወደ አንተ ታመጣለች። ክሩ ሲቆረጥ ዘንጓ ከሰገራ ጋር ትወጣለች።

ከኤንዶስኮፒ ሐኪሞች ጋር ያለን ክርክር ሌላ ነው። ጋውደረርና ፖንስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳወቁት ዘዴ ቱቦው በአፍ ገብቶ በሆድ ይጎተታል፤ ሰፊው ጫፉም ጨጓራውን ይይዛል። አከብረዋለሁ። ነገር ግን ከአርሲና ከባሌ የሚመጡልኝ ብዙዎቹ ሕመምተኞች የምግብ ቧንቧቸው በካንሰር ተዘግቷል፤ ኤንዶስኮፑ አያልፍም። ቢያልፍም በዕጢው ላይ የተጎተተ ቱቦ የካንሰር ሴል ወደ ሆድ ቆዳ ሊያደርስ ይችላል። እኔ ቀጭን ካቴተር በዋየር መርቼ በጥበቱ አሳልፋለሁ፣ በእሱ አየር እነፋለሁ፣ ጉበቱን በአልትራሳውንድ ምልክት አደርጋለሁ፣ ትልቁ አንጀት የት እንዳለ ሳላይ መርፌ አላነሳም። የእኔን ቱቦ የሚይዘው ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር ውሃ የተሞላ ፊኛ ብቻ ነው፤ ጨጓራውን የሚይዝልኝ ክሩ ነው።

ግትርነቴ ከመጽሐፍ አልመጣም። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ሆስፒታል ቲ-ፋስነር አልቆ ሳለ አንድ አባት መጡ፤ ውሃ እንኳ አይወርድላቸውም። ያለ ክር ሠራሁ። ኮንትራስቱ የጨጓራውን እጥፋት ጥርት አድርጎ ሲያሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሲገላበጡ ቱቦው ወጣ። ተረኛው በዚያው ቀዳዳ መልሶ አስገባው፤ ጠዋት አጥሚት ተሰጣቸው። ስደርስ ሆዳቸው እንደ ጣውላ ደርቋል። ቱቦው ጨጓራ ውስጥ አልነበረም። ለቀዶ ሕክምና ገቡ፤ በሕይወት አልወጡም። በተረኛው አልፈርድም። ጨጓራውን ሳላስር የሄድኩት እኔ ነኝ።

ለሬዚደንቷ ይህን ከነገርኳት በኋላ በማግስቱ ወደ ዋርድ ይዣት ወጣሁ። የሠራንለት ሰውዬ ባለቤት አጥሚቱን ሁለቴ አጥልላ ይዛ ቆማለች፤ ወፍራም ከሆነ ቱቦውን እንደሚደፍን ነርሷ ነግራታለች። እፍ፣ እፍ አለችበት። አንድ ጠብታ የእጇ አንጓ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። ሲሪንጁን ከፍ አድርጋ ይዛ ቀስ ብላ አፈሰሰችና ሆዱን ሳይሆን ፊቱን እያየች «ሞቀህ?» አለችው። ሰውዬው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

እናቴ በመጨረሻ ወራቷ በማንኪያ እንኳ አይወርድላትም ነበር። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የጎረቤት ሴቶች ገንፎውን እያቀጠኑ፣ እያቀጠኑ ይዘው ይመጡና ሳይነካ ይመልሱት ነበር። እንግዲህ ሲሪንጅ ይዛ የቆመች ሚስት ባየሁ ቁጥር ከአጠገቧ መሄድ ያቅተኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ክሮቹን ልቆርጥ መቀሱን ሳነሳ ያቺው የሰውዬው ባለቤት እጄን ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ትንሽ ይዘውልን ቢቆዩስ?»

አንድ ሳምንት ጨመርኩላት።