«እሺ» ያለች እናት ትመለሳለችን?

ጤና ባለሙያ ስለ ክትባት ከወላጅ ጋር ሲነጋገር ንግግሩን እንዴት ይጀምር? ለዚህ ጥያቄ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው መልስ ዳግላስ ኦፔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ በባለሙያና በወላጅ መካከል የተደረጉ 111 ውይይቶችን በቪዲዮ ቀርጸው መረመሩ። «ዛሬ የሚሰጡት ክትባቶች እነዚህ ናቸው» በሚል መንፈስ የጀመረውን ባለሙያ የተቃወሙት ወላጆች 26 ከመቶ ሲሆኑ፣ «ስለ ክትባቱ ምን አስበዋል?» ብሎ የጀመረውን ግን 83 ከመቶ ተቃውመውታል።

ጥናቱ ንግግሩን በተግባር ሲነገር መመልከቱ ታላቅ ጥንካሬው ነው። ይሁንና የለካው በዚያች ሰዓት የተሰጠውን መልስ ብቻ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ሥራ፣ ሐሳባቸውን የተጠየቁት ወላጆች በተደረገላቸው አቀባበል ይበልጥ መደሰታቸው ተገልጿል። ሁለቱ ውጤቶች ተነጣጥለው ሊነበቡ አይገባም።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ነጭ ጋዋን በለበሰ ሰው ፊት «አይሆንም» የምትል እናት ጥቂት ናት፤ «እሺ» ትላለች። «እሺ»ዋ ግን ከመስማማት ይልቅ የአክብሮት ሊሆን ይችላል፤ ተቃውሞዋ የሚታየው በመቅረቷ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት 73 ከመቶ ሲወስዱ፣ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ሁሉ ከፍርሃት የመጣ አይደለም፤ የመንገዱ ርቀት፣ የእናቲቱ የሥራ ብዛት፣ የክትባቱ አለመገኘትም አለበት። ነገር ግን በ6ኛው ሳምንት የተወጋ ሕፃን ሌሊቱን በትኩሳት ሲነድ ቢያድር፣ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት «መርፌው ልጄን ጎዳው» ብትል ማን ይፈርድባታል?

«ምንም ችግር የለውም» የሚለው የተለመደ ማረጋጊያ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ እውነት አይደለምና። ፔንታቫለንት ትኩሳትና የጭን እብጠት ሊያስከትል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። ቢሲጂ የተሰጠበት ክንድ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል። «እህቴ፣ ዛሬ ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው። ትኩሳቱ ከ2 ቀን ካለፈ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳትቆዪ አምጪው» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከኦፔል ጥናት በእርግጠኝነት መጀመርን መውሰድ ይቻላል። «ባለፈው ከተወጋ በኋላ እንዴት አደረ?» የሚለው ጥያቄ ግን በ10ኛው ሳምንት ቀጠሮ፣ ከመርፌው በፊት ሊነሣ ይገባል። በቀጠሮዋ ላልመጣችው እናት ይህንኑ ጥያቄ ቤቷ ድረስ ይዛ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።