የርዳታ ገንዘብና የወጣቶች የኪነት ትምህርት፤ ከገዳሪፍ መንገድ ዳር የቀረበ አስተያየት

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል መተማ ዮሐንስ የደረሰ መንገደኛ ትንሿን ድልድይ ሲሻገር ገላባት ይገባል፤ ከገላባት ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ ዶካን አልፎ ገዳሪፍ ያደርሰዋል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሰሊጥና ማሽላ፣ በአረምና በአጨዳ ወራትም ሳሉጉ ብቻ አይደለም። ዘፈንም ይመላለሳል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በሱዳን እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ የመሐመድ ዋርዲም ዜማ ወዲህ ማዶ አድማጭ አላጣም። የሁለቱም ወገን ዜማ በብዛት በባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ አብሮ ለማጨብጨብ አይቸገርም።

ስደተኛም በዚሁ መንገድ ይመላለሳል። በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ዘመን ኡም ራኩባ የተባለው የገዳሪፍ ክፍለ ሀገር መጠለያ ከጎንደርና ከትግራይ በሄዱ ወገኖቻችን ተሞልቶ ነበር። ያው መጠለያ በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እንደገና ተከፈተ፤ በዚያን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ሕዝብ ከ60,000 በላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠ። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያኑ፣ ከእነርሱም ጋር ገዳሪፍና ካርቱም ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች፣ መተማ ገቡ። ለሱዳናውያኑ በዚያው ዓመት ኩመር ላይ መጠለያ ተሠራላቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ብዙዎቹ በጸጥታ መጓደል ምክንያት ጥለውት ወጡ። በገዳሪፍም በኩል የትምህርት ቤቶቹ ክፍሎች ከካርቱምና ከወድ መደኒ ለተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች ማደሪያ ሆኑ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ጦርነት ለመጻፍ አይደለም። በእነዚህ መጠለያዎችና በአካባቢያቸው ባሉ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናትና ለወጣቶች በርዳታ ገንዘብ ስለሚሰጠው የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የድራማ ሥልጠና አስተያየት ለመስጠት ነው። እኛ መምህራንን የምናሠለጥን እንደ መሆናችን ነገሩን የምናየው በአስተማሪ ዓይን ነው። ለመሆኑ ይህ ሥልጠና የሚባለው ነገር ያስተምራልን?

ብዙውን ጊዜ አያስተምርም ብለን ብንመልስ እንደ ውለታ ቢስ አንቆጠር። አሠራሩን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳን ይተከላል፤ ወይም አንድ ክፍል ይሰጣል። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ይሥላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ። ከጥይት ድምፅ ለሸሸ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚንቀው ካለ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀንና በዐሥረኛው ቀን እንዴት እንደሚቀመጡ ያላየ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ልጅን ማረጋጋት አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ሙያ ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ስምና በአንድ ሪፖርት ሲቀርቡ ነው። በሪፖርቱ የሚጻፈው የተካፋዮቹ ቁጥር ነው። እኛ ተማሪያችንን በየቀኑ ክፍል ስለ ገባ ብቻ ብናሳልፈው የሚደርስብንን ወቀሳ እናውቃለን።

በአንድ የተግባር ልምምድ ወቅት ተማሪዎቻችንን ይዘን በድንበሩ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። አንድ የርዳታ ድርጅት በዚያ ትምህርት ቤት የሙዚቃና የድራማ ክበብ አቋቁሞ አራት ወር አሠለጠነ። ሠላሳ ያህል ልጆች ነበሩበት። ካናቴራ ታደለ፤ አንድ ኪቦርድ ተገዛ። በመዝጊያው ቀን ልጆቹ ስለ ሕገ ወጥ ስደት አስከፊነት ድራማ አሳዩ። ከልጆቹ እኩሌቶቹ ስደት ላይ የነበሩ ናቸው! ድራማውን የጻፈላቸው ግን ከከተማ የመጣ ሰው ነበር፤ እነርሱን የጠየቃቸው የለም።

በዚያ ክበብ ውስጥ ገዳሪፍ የተወለደች፣ እናቷ የጎንደር ሰው የሆነች አንዲት ልጅ ነበረች። የሱዳን ሴቶች በሠርግ የሚመቱትን ደሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ትመታለች። ከእኛ ከበሮ ጋር አጋጥማ ስትመታ ምቱን ሳታዛንፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሸጋገራለች፤ ይህን ማንም አላስተማራትም። በድራማው ግን ለእርሷ የተሰጣት ሥራ ማልቀስ ነበር። መዝጊያው ካለፈ በኋላ ኪቦርዱ ንብረት ክፍል ገብቶ ተቆለፈበት፤ ሞዴል 19 ስላልተቆረጠለት ማውጣትም ማስገባትም አልተቻለም። ልጅቱ በማግሥቱ ወደ ክፍሉ መጥታ በሩን ዝግ ስታገኘው «መምህር፣ ዛሬ የለም?» ብላ ጠየቀችን። ምን ብለን እንመልስላት?

የተረጅ ተማሪ የዜማ ትምህርት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ማነው? ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽ የሚማር ነው። ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። የሚመግበው የመንደሩ ሰው ነው። ቁራሹን የምትሰጠው እናት ግን «በስንት ወር ትጨርሳለህ? ስለ ምንስ ጉዳይ ታዜምልኛለህ?» ብላ አትጠይቅም። ልመናው መራራ ነው፤ ውሻው፣ ቁንጫው፣ በሽታው ስንቱን እንዳስቀረው ስለምናውቅ ይህን ኑሮ ለማሞገስ አንፈልግም። ነገር ግን ሰጪው ለትምህርቱ ጊዜ ገደብ አለማውጣቱ፣ ይዘቱንም ለመምህሩ መተዉ የዛሬዎቹ ረጂዎች ሊያጤኑት የሚገባ ነው። ማስመስከርን የሚወስነው መምህሩ ነው እንጂ ቁራሹን የሰጠው አይደለም።

ስደተኛ ልጆችን በሚመለከትም ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ምሳሌ አለን። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመን ገዳም አርባ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ዘመን በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ መምህርም ተመደቡላቸው። «አርባ ልጆች» በሚል ስም የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ኬቮርክ የደረሱት የብሔራዊ መዝሙር ዜማ እስከ አብዮቱ ድረስ ሲዘመር ኖሯል፤ ዘመዳቸው ነርሲስ ናልባንዲያንም ከእርሳቸው በኋላ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሙዚቃ አስተማሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለእነዚህ ልጆች የተሰጣቸው ስለ እልቂት አስከፊነት የሚናገር ድራማ አልነበረም። መሣሪያ፣ መምህርና ሥራ ነበር። በእርግጥ አልጋ ወራሹ ይህን ያደረጉት ለበጎ አድራጎት ብቻ አይደለም፤ ለቤተ መንግሥታቸው ክብር ማርሽ የሚነፋ ያስፈልጋቸው ነበር። እንደ እኛ አስተያየት ጥቅሙ የመጣው ከዚሁ ነው። ልጆቹ የሚፈለጉት ስለሚያሳዝኑ ሳይሆን ስለሚችሉ ነበርና።

በእኛ ዘመን ለዚህ የቀረበው ሙከራ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ አዱኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባሉ እንግሊዛዊ የውዝዋዜ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ 100 ያህል የጎዳና ልጆችን አሰልፈው በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ላይ ትርኢት አሳዩ። ማልዱም በኋላ በበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ታጅበው 250 የበርሊን ተማሪዎችን ያስወዘወዙ፣ ይህም በፊልም ተሠርቶ ዓለም ያየላቸው ሰው ናቸው። በአዲስ አበባው ትርኢት ጭብጨባ ነገሩ ቢያበቃ ኖሮ የመተማው ክበብ ታላቅ ወንድም ከመሆን ባላለፈ ነበር። ግን አላበቃም። ከልጆቹ 18 ያህሉ ተመርጠው ለአምስት ዓመት ሠለጠኑ። አምስት ዓመት! ከዚህም በላይ የሠለጠኑት ለመወዛወዝ ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ነበር፤ ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሠሩት ሥራ የዚህ ፍሬ ነው። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር እንዲማር ተመረጠ። እርሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን በሚገኘው በሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ሠርተዋል።

አዱኛን የሚነቅፉ «ያስተማሯቸው የፈረንጅ ውዝዋዜ ነው፤ እስክስታው የት ሄደ?» ይላሉ። ይህን ነቀፋ አንቀበለውም። የጎዳና ልጅ የባህል ሙዚየም ዘበኛ እንዲሆን የተፈረደበት አይደለም። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ጥበበኛው አምስት ዓመት ሠልጥኖ ሲወጣ በአገሩ የሚከፍለው መድረክ ካላገኘ፣ ሥልጠናውን የጀመረው የውጭ ገንዘብ ኑሮውንም የሚወስን ይሆናል። ለአውሮፓ ተመልካች ሲቀርብም ከስሙ በፊት «የቀድሞ የጎዳና ልጅ» የሚለው ይነገርለታል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ስለ ውዝዋዜው ሳይሆን ስለ ተኛበት ጎዳና ሲጠየቅ ይኖራልን? በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቶ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌና ወደ ናዝሬት የተዛመተው ሰርከስ ኢትዮጵያም ይኸው ጣጣ ነበረበት። ልጆቹ ዓለምን ዞሩ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ከደረሱት 15ቱ በዚያው ጥገኝነት ጠየቁ። ብዙ ሰው ፈረደባቸው። ተመልሰው ቢመጡ የትኛው ድንኳን፣ በየትኛው ደመወዝ ይቀበላቸው እንደ ነበር የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀድሞዎቹ የኪነት ቡድኖች አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ታላላቆቻችን ይታዘቡናል። የቀበሌውና የክፍለ ሀገሩ ኪነት መፈክር ይበዛበት እንደ ነበር አይካድም፤ ዛሬ መፈክሩ «መልእክት» ተብሏል፣ የሚጽፈውም ካድሬው ሳይሆን የፕሮጀክት ሹሙ ነው። ልዩነቱ እንደ ጎንደሩ ፋሲለደስ ያለው የኪነት ቡድን ወጣቱን ለዓመታት ይዞ ማቆየቱ ነው። ከመፈክሩ በኋላ ድምፁ ይቀር ነበር። በአራት ወር ፕሮጀክት ግን መልእክቱም ድምፁም አብረው ይሄዳሉ።

ረጂዎቹ መልስ የላቸውም አንልም። «መጠለያ ጊዜያዊ ነው፤ ውሃና መጸዳጃ ሳይሟላ የአምስት ዓመት የሙዚቃ ትምህርት እንዴት ይታቀዳል?» ይሉናል። የውሃው ነገር እውነት ነው። ጊዜያዊነቱ ግን እውነት አይደለም። ኡም ራኩባ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። በገዳሪፍ ከተማ አጠገብ ያለው የተዋዋ ሰፈር በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተሞላ ነበር፤ እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል። በየስድስት ወሩ እየታደሰ አርባ ዓመት የቆየ ጊዜያዊነት በቂ የትምህርት ዘመን ነው። ቬኔዙዌላ ውስጥ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመሩት የልጆች ኦርኬስትራ እንቅስቃሴ ገንዘቡን ያገኘው በአብዛኛው ከመንግሥት ሲሆን፣ ያውም ከማኅበራዊ ጉዳይ በጀት ነበር። በዚያም ሥራ ላይ ብዙ ትችት ተጽፏል፤ ዓመት ቆጥሮ በጀት መመደብ ግን እንደሚቻል አሳይቷል።

አስተማሪ ከየት ይመጣል ለሚለው ድንበሩ ራሱ መልስ አለው። ጎንደር አጠገብ ያለው ቡርቧክስ ልጅን ከአባቱ ሥር አስቀምጦ ማሲንቆ የሚያስተምር የአዝማሪዎች መንደር ነው። ካርቱምም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ነበራት፤ የካርቱም ሰው ሲፈናቀል ሙያውም አብሮት ተፈናቅሏል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ አሠልጣኝ የሚከፈለው አበል ለአንድ አዝማሪ ወይም ለአንድ ስደተኛ ሙዚቀኛ የብዙ ወር ደመወዝ ይሆናል። አዝማሪው ግን የምስክር ወረቀት የለውም እየተባለ ከፕሮጀክቱ ሰነድ ይሰረዛል። ይህን የሚሰርዘው ደግሞ ረጂው ብቻ አይደለም፤ እኛው የትምህርት ሰዎች ነን። በማሠልጠኛችን እንኳ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ሲጣበብ መጀመሪያ የሚታጠፈው እርሱ እንደ ሆነ ባልደረቦቻችን ያውቃሉ።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራን፣ የክበብ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ድርጅት ደጃችሁን ሲያንኳኳ ስለ ካናቴራው ከመነጋገራችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁልን። ከመዝጊያው ቀን በኋላ መምህሩ ማነው? መሣሪያው በማን ስም ገቢ ይሆናል? ልጆቹ የራሳቸውን ነገር ቢሠሩ ይፈቀዳልን? ድርጅቱ ቢቆጣ እንኳ እናንተ የምታጡት ከአራት ወር አይበልጥም።

ያን ኪቦርድ ለማስወጣት ማመልከቻ ጽፈን ነበር። ሞዴል 22 የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ልጅቱ ግን አልጠበቀችም፤ በእረፍት ሰዓት የውሃ ጀሪካን ገልብጣ እየመታች፣ ሦስት የክፍል ጓደኞቿን ምቱን ስታስቆጥር አየናት።