እንስራ ያዘለችው የወለቃ ሴት

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ባለፈው ዓርብ ኤርምያስ 18ን ስናነብ አንዷ «ሸክላ ሠሪ እኮ እኛ አገር ቡዳ ነው የሚባለው» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ማታ ግን ሳስበው ደበረኝ፤ ለዚህ ነው ስለ ወለቃ ሸክላ የምጽፍላችሁ።

ወለቃ ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ያለ መንደር ነው። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ በባዶ እጃቸው እንስራ፣ ጀበና፣ ምጣድ ይሠራሉ። ጎረቤት በእንስራው ውኃ እየጠጣ ሠሪዋን «ቡዳ» ይላታል። «ፈላሻ» የሚለውንም የሰጣቸው ሌላው ሰው ነው። ቃሉ ከ«ፈለሰ» ጋር ይያያዛል፣ አገር የሌለው መጤ እንደማለት። እስቲ ጂዛን ሆናችሁ ስሙት!

ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ሴቶቹ ትንንሽ ምስል መሥራት ያዙ፦ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አልጋ ላይ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። እውነቱን ልናገርና አንበሳውን አልወደውም። ፈረንጁ ሰምቶት የመጣውን ስም መልሶ ይሸጥለታል፣ በቃ። እንስራ ያዘለችው ግን ሌላ ናት። አንዷ እናቴ ቤት ቡፌ ላይ አለች። አንገቷ ወደፊት ሰገግ ብሏል፣ ጉልበቷ ትንሽ ታጥፏል። እሷን ያየ ሰው «ደክሟታል» ነው እንጂ «ፈላሻ ናት» አይልም። የሠራቻት ሴት ራሷ ውኃ የቀዳች መሆን አለባት፣ ሸክሙ የቱ ጋ እንደሚያም ታውቃለች።

ከቤተ እስራኤሎቹ ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከ14 ሺህ በላይ ደግሞ በግንቦት 1983 በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ዛሬ ወለቃ ላይ ምስሉን የሚሠሩት የቀሩት ክርስቲያን ሴቶች ናቸው፤ የሚሸጠው ግን አሁንም «የፈላሻ» እየተባለ ነው። ሰዎቹ ሄደው ስሙ እዚያው ቀረ።

ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። የኔ ማዳም ከኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ነው የምትጠራኝ። ውጪ «ሸጋላ» ነን። ድንበሩን በእግር የሚሻገሩት ወንድሞቻችን ደግሞ «መጅሁል» ይባላሉ፣ የማይታወቅ።

የእናቴን ምስል አንድ ቀን ገልብጬ አይቻታለሁ። የሠሪዋ ስም የለበትም። ሥራው ያን ያህል ጥሩ ሆኖ ይሄ ይጎድለዋል፤ ጥፋቱ ግን የሷ አይመስለኝም፣ ስሟን የጠየቀ ገዢ አልነበረማ።

ስለ አንበሳው የምትከራከሩኝ ትኖራላችሁ። ኮከቡ ራሳቸው የኮሩበት ምልክት ነው ካላችሁ እሰማለሁ። የሁለቱም ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፣ ዓርብ አሳያችኋለሁ።