የመማሪያ ክፍሉ ባለቤት ማን ነው? የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሲመረመር

መምህር ከተማሪዎቹ ጋር መልካም ግንኙነት ሊኖረው፣ ተማሪዎቹም ክፍሉን እንደ ራሳቸው ቤት ሊያዩት እንደሚገባ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ዘወትር ይነገራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። የሚያጠያይቀው ይህ መልካም አሳብ ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ሲደርስ ምን መልክ ይይዛል የሚለው ነው። ይህንንም ለመመርመር በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ማለትም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች የተስፋፋውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ እንደ ሰቆጣና እንደ ዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ካለ አካባቢ ኑሮ ጋር ማገናዘብ ይጠቅማል።

አደረጃጀቱ እንደሚታወቀው ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድን ከፍሎ፣ በትምህርቱ የተሻለውን ልጅ መሪ ያደርጋል። ተማሪ በበዛበት ክፍል አንድ መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ ሊደርስ ስለማይችል፣ አሳቡ ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነበር። ልጅ መምህሩ ሲናገር ያልገባውን ነገር ጓደኛው ሲነግረው የሚረዳበት ጊዜ እንዳለም ማንም መምህር ያውቃል። ጉድለቱ የሚታየው አደረጃጀቱ ከመጣበት ምንጭ ላይ ነው። ገበሬውን፣ የመንግሥት ሠራተኛውንና ተማሪውን በአንድ መልክ ለማሰለፍ ከተነደፈው የልማት ሠራዊት አሠራር የተቀዳ በመሆኑ፣ ዕቅድን ወደ ታች የማውረድና ሪፖርትን ወደ ላይ የማድረስ ጠባይ ነበረው። እንዲህ ያለው ጠባይ ወደ ክፍል ሲገባ የቡድን መሪው ከማስረዳት ይልቅ የቀረውንና የረበሸውን ወደ መመዝገብ ያዘነብላል። መምህሩም ብዙ ተቆጣጣሪዎች ያገኛል እንጂ ተማሪዎቹን ይበልጥ አያውቃቸውም።

ይህ ፈተና በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ጆሴፍ ላንካስተር እ.ኤ.አ. በ1798 በለንደን ሳውዝዋርክ በከፈተው ትምህርት ቤት ከፍ ያሉት ልጆች ታናናሾቻቸውን እንዲያስተምሩ አድርጎ ነበር። በጥቂት ወጪ ብዙ ሕፃናትን ማስተማር ተቻለ። ሆኖም የልጅ አለቃው ሥራ የተቀበለውን ማስደገም ብቻ ስለ ነበረ፣ ዘዴው ከጊዜ በኋላ ተነቅፎ ቦታውን ለሠለጠኑ መምህራን ለቅቋል።

በላስታና በዋግ ለብዙ ዘመን በኖረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ታላቁ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል። ነገር ግን የቆሎ ተማሪዎች ጎጆአቸውን ራሳቸው ይቀልሳሉ፤ ለምነው ያገኙትን ይካፈላሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ። በዚያ ሥርዓት አለንጋም እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ተማሪው ቤቱን የእኔ ለማለት ምክንያት ነበረው፤ ኑሮው የቆመው በእርሱና በባልንጀሮቹ እጅ ነበርና።

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ይህ ልዩነት ከባድ ትርጉም አለው። ፖሊሲው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማርን መብት ቢያጸናም፣ ኽምጥኛ ተናጋሪና አማርኛ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በአማርኛ በሚማሩበት ቦታ፣ መሪ ለመሆን የሚቀርበው አማርኛ የቀናለት ልጅ ነው። በኽምጥኛ ቢጠየቅ አሳምሮ የሚመልሰው ልጅ ዝም ስላለ ብቻ ከደካሞች ተርታ ይቆጠራል። ፍየል አሰማርቶ የሚመጣ ልጅ ሲዘገይም ስሙ ይጻፋል፤ የዘገየበት ምክንያት ግን አይጻፍም። በተለይም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢው ገብቶ ትምህርት ከተቋረጠና ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ከተፈናቀለ በኋላ፣ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ ምን አይቶ እንደ መጣ በስም መዝገብ ሊታወቅ አይችልም። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ፣ አንድ ቀን ከእረኝነቱ ሳይመለስ ይቀራል።

ስለዚህ መፍትሔው ቡድንን ማፍረስ ሳይሆን ለቡድኑ የሚወስነው ነገር መስጠት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የክፍሉን ደንብ መምህሩና ተማሪዎቹ ተመካክረው ቢያወጡትና በሁለቱም ቋንቋዎች ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ደንቡ የሁሉም ይሆናል። መሪነትም በተራና በየትምህርቱ ዐይነት ቢዛወር፣ በሒሳብ የሚመራው ልጅ በአካባቢ ሳይንስ ስለ ንብና ስለ ፍየል ከሚያውቀው እረኛ ባልንጀራው ይማራል። መምህሩም ልጁን ከመቅጣቱ በፊት ምክንያቱን በራሱ አንደበት፣ ቢቻል በልጁ ቋንቋ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከመምህሩ የሚጠይቀው ግን ቀላል አይደለም፤ ብቻውን ይዞት ከኖረው ሥልጣን ቆርሶ ማካፈል ነውና።

የዕቅድ ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። የሱፐርቪዥን ቅጽ ስንት ቡድን ተደራጀ ብሎ እስከ ጠየቀ ድረስ፣ ትምህርት ቤቱ ቁጥር ከማቅረብ አያልፍም። ከዚህ ይልቅ ተማሪዎቹ በዚህ ወር ምን ወሰኑ፣ ከውሳኔያቸውስ የትኛው በሥራ ላይ ዋለ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱን ከክፍሉ ውጭ ሆኖ መሙላት አይቻልም። ተማሪ ወለል ስለ ጠረገና ሰሌዳ ስላጸዳ ብቻ የክፍሉ ባለቤት ሊባል አይገባውም። ባለቤት ከሆነ፣ ባልንጀራው ሲቀር ስሙን ከመጻፍ አልፎ ለምን ቀረ ብሎ ሊጠይቅ፣ መምህሩም ጥያቄውን ሊሰማው ይገባል።